ቡናውን የሚያስመዝን መንገዱንም ያስለካ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አሮጌ አነጋገር ሹመት ማለት መብላት ነው ተብሎ በታመነበት ዘመን የተወለደ ነው። ዛሬ ይህን አነጋገር በአደባባይ የሚደግፍ ሰው ባይገኝም፣ የሚበላው ነገር መልኩን ለወጠ እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም። ቀድሞ ይበላ የነበረው ግብርና መተያያ ሲሆን፣ በዘመናችን በትንሽ ከተማ ውስጥ ለመበላት የተመቸው ነገር የቦይ፣ የድልድይ፣ የጠጠር መንገድና የገበያ መጠለያ ሥራ፣ በጠቅላላው የመንግሥት ውል ሆኖ ይገኛል። ስለ ትልልቅ ግድብና ስለ ፋብሪካ ብዙ ይጻፋል፤ ስለ ትንሽ ከተማ ቦይ ግን የሚጽፍ ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ቦዩ ጥቂት እንድንናገር አንባቢያችን ይፍቀድልን።

ለምሳሌ ዱመርሶን እንውሰድ። ዱመርሶ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጌዴኦ ዞን፣ በይርጋ ጨፌ አካባቢ የምትገኝ፣ ስሟ በቡናዋ ምክንያት በባሕር ማዶ ሳይቀር የታወቀ ትንሽ ቦታ ናት። ይህችን ቦታ የመረጥናት ጥፋት ስላየንባት ሳይሆን የምታስተምረው ነገር ስላላት ነው። ይኸውም እንደሚከተለው ነው። በለቀማው ወራት ገበሬው ቀዩን እሸት ቡና ወደ ማጠቢያው ጣቢያ ባመጣ ጊዜ ዓይኑን ከሚዛኑ ላይ አይነቅልም። መዛኙ ጎረቤቱ ወይም አማቹ ቢሆን እንኳ «ወንድሜ ነውና አላይም» አይልም፤ መዛኙም በዚህ አይቀየምም። ሚዛን በሁለቱ መካከል የቆመ ዳኛ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉና ነው።

ታዲያ ይኸው ሰው ቡናውን ሸጦ ከገቢው ላይ ግብር ከከፈለ በኋላ፣ በግብሩ የተሠራውን መንገድ ውፍረት ለማየት ለምን ወደ ሥራው ቦታ አይሄድም? ጥያቄያችን ይህ ነው።

የመንግሥት ውል ሕግ የለውም እንዳይባል ሕጉ ብዙ ነው። ስለ ማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 የወጣው በ1937 ዓ.ም. ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 3131 ጀምሮ ስለ አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ውል፣ ከዚያም ውስጥ ስለ ጨረታ በሰፊው ደንግጓል። በኋላም ስለ መንግሥት ግዢ በ1997 አዋጅ ቁጥር 430፣ በ2001 አዋጅ ቁጥር 649፣ በ2016 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1333 በፌዴራል መንግሥት ታውጀዋል፤ ክልሎችም በየበኩላቸው የግዢ ሕግ አውጥተዋል። የሁሉም መንፈስ አንድ ነው፤ ይኸውም ጨረታው ይታወጅ፣ ተጫራቾች በእኩል ዓይን ይታዩ፣ የታሸገው ፖስታም በተባለው ሰዓትና ቦታ በግልጥ ይከፈት የሚል ነው።

ሕዝቡም ሆነ ጋዜጠኛው ዓይኑን የሚጥለው በዚችው ፖስታ በምትከፈትባት ሰዓት ላይ ነው። ይሁን እንጂ በእኛ አስተያየት የሕዝብ ገንዘብ በብዛት የሚጠፋው ፖስታው በሚከፈትበት ጊዜ ሳይሆን ሰው በማይሰበሰብባቸው በሁለት ጸጥተኛ ጊዜዎች ነው። አንደኛው ከፖስታው በፊት፣ ሁለተኛው ከፖስታው በኋላ ነው።

ከፖስታው በፊት ያለው ጊዜ የሥራው ዝርዝር የሚጻፍበት ነው። ዝርዝሩን የሚጽፈው ሰው ከፈለገ በከተማው ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ያለውን መኪና ወይም አንድ ሰው ብቻ የያዘውን የምስክር ወረቀት እንደ ግዴታ ሊያስገባ ይችላል። በዚህ ጊዜ ጨረታው ልኩ ለአንድ ሰው እንደ ተቆረጠ ልብስ ይሆንና ሌላው ቢለብሰው አይሆነውም። ወይም አንዱን ሥራ በሦስትና በአራት ከፋፍሎ እያንዳንዱን ከጨረታ በታች ያውለዋል፤ ይህን ሕጉ ይከለክላል። ወይም ደግሞ «ጥሩ ጠጠር ይደልደል» ብሎ ጽፎ ውፍረቱን ሳይናገር ይተወዋል። ያልተጻፈ ልክ ደግሞ በኋላ ማንም ሊጠይቀው አይችልም።

ከፖስታው በኋላ ያለው ጊዜ ሥራው የሚለካበትና የሚረከቡበት ነው። አንባቢያችን ጥቂት ሒሳብ ይታገሠን። 1 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 5 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ 15 ሴንቲ ሜትር ተጠቅጥቆ ጠጠር ይልበስ ቢባል 750 ሜትር ኩብ ያስፈልገዋል። ተቋራጩ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ አልብሶ ቢሄድ የገባው 500 ነው፤ 250 ሜትር ኩብ፣ ማለት በ16 ሜትር ኩብ ገልባጭ መኪና ከ15 ጭነት የበለጠ ጠጠር፣ ሳይመጣ ተከፍሎበታል ማለት ነው። እንደዚሁም ለድልድዩ አርማታ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ታዝዞ ባለ 10 ቢገባ ልዩነቱ በዓይን ሲያዩት የ2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢመስልም፣ ከብረቱ ሲሶ የሚጠጋው ጐድሏል። ሲሚንቶው ከፈሰሰበት በኋላ ይህን የሚያውቀው የሠራው ሰውና አምላኩ ብቻ ነው፤ በሦስተኛው ክረምት ግን ጎርፉም ያውቀዋል።

ይህ ነገር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2004 በኢንዶኔዥያ ከ600 በሚበልጡ መንደሮች በሚሠሩ መንገዶች ላይ ቤንጃሚን ኦልከን የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቅ ጥናት አድርገው ነበር። መሐንዲሶች መንገዱን እየቆፈሩ የገባውን ድንጋይና አሸዋ ለኩና በመዝገብ ከተጻፈው ጋር አመዛዘኑት። ሥራው በእርግጥ እንደሚመረመር አስቀድሞ በተነገራቸው መንደሮች፣ ካልተነገራቸው ይልቅ የሚጎድለው ወጪ ከመቶ 8 ነጥብ ያህል ቀነሰ። ሕዝቡ በብዛት ወደ ስብሰባ እንዲመጣ መጥራት ብቻውን ግን በአማካይ ያስገኘው ለውጥ ጥቂት ነበር። ከዚህ የምንረዳው ስብሰባ ከንቱ ነው ማለትን ሳይሆን፣ በእጁ ልክ ያልያዘ ስብሰባ ጭብጨባ ብቻ ሆኖ እንደሚቀር ነው። ጌዴኦ በሶንጎው ሸንጎ የጋራ ጉዳይን ተቀምጦ መምከርን ከጥንት የሚያውቅ ሕዝብ ነው፤ ምክሩ በሚያርፍበት ቦታ ላይ አንድ ሜትርና አንድ ወረቀት ቢጨመርለት ምን ያህል ይጠቅም ነበር!

«በትንሽ ከተማ ይህ እንዴት ይሆናል?» የሚሉን ይኖራሉ። እውነትም ከባድ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ የተመደበው ወጣት ሹም፣ ተቋራጩ፣ ግንበኛውና ገንዘብ ያዡ በአንድ ዕድር ውስጥ ናቸው፤ በአንድ ለቅሶ ቤት ይቀመጣሉ፤ በአንድ ዕቁብ ይጥላሉ። ዛሬ «ሥራህ ጎደሎ ነው» የተባለው ሰው ነገ በሠርግ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ወጣቱ እምቢ ቢል ትዕቢተኛ፣ እሺ ቢል ተባባሪ ይባላል። እንግዲህ የልክ ጥቅም የሚታየው በዚህ ላይ ነው። ልክ በግልጥ ተጽፎ ከሆነ ወጣቱ «እኔ አላልኩም፤ ሜትሩ ነው ያለው» ለማለት ይችላል። ሚዛኑ ገበሬውንና መዛኙን ከጠብ እንዳዳናቸው ሜትሩም ሹሙንና ተቋራጩን ያድናቸዋል።

ተቋራጩንም ቢሆን ሁልጊዜ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው። ሥራውን በሚገባ ፈጽሞ ክፍያው ወራት የሚዘገይበት ሰው አለ። ለሠራተኛው ደመወዝ ተበድሮ የከፈለ ሰው በሚቀጥለው ጨረታ የብድሩን ወለድ በዋጋው ላይ ይደምራል፤ ወይም ከሲሚንቶው ላይ ይቀንሳል። ልክን አጥብቆ የሚጠይቅ ማዘጋጃ ቤት በቀጠሮው ቀን መክፈልንም ማጥበቅ ይገባዋል።

በእኛ በኩል የምናሳስበው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የሥራው ዓይነት፣ ርዝመቱ፣ ውፍረቱ፣ ዋጋውና የሚያልቅበት ቀን በአንድ ሰሌዳ ላይ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ተጽፎ በሥራው ቦታ ይተከል። ብረቱ ሳይሸፈን፣ ጠጠሩም ከተጠቀጠቀ በኋላ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎችና የትምህርት ቤት ልጆች በተገኙበት ይለካ። ጊዜያዊው ርክክብ ከተፈጸመ በኋላ የመጨረሻው ርክክብ አንድ ዓመት ጠብቆ ዝናብ ካለፈበት ወዲያ ይሁን፤ በተዳፋቱ በጌዴኦ ምድር ከዝናብ የበለጠ ተቆጣጣሪ የለምና።

በቅርቡ ወደ ሥራ የምትሰማሩ ተማሪዎችና አሁን በየወረዳው ጠረጴዛ ላይ ያላችሁ ወጣት ሹማምንት ሆይ፣ ብዙዎቻችሁ ለትልቅ ሥራ ትመኙ ይሆናል። ነገር ግን ቡናውን በሚዛን አስረክቦ ግብሩን የከፈለው ገበሬ ከእናንተ የሚጠብቀው በቅድሚያ 15 ተብሎ የተጻፈው 15 ሆኖ እንዲገኝ ነው።