ወይን ጠጁ ውድ፤ ወረቀቱ ሐሰት

ቅቤ ልትገዙ ገበያ ስትወጡ ምን ታደርጋላችሁ? በጣታችሁ ቆንጠር አድርጋችሁ ታሸታላችሁ፤ ትቀምሳላችሁ፤ ሻጯንም «ከየት የመጣ ነው?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ማርም ቢሆን ስኳር እንዳልተቀላቀለበት ሳታረጋግጡ ገንዘባችሁን ከመቀነታችሁ አትፈቱም። ለመሆኑ ሳይከፈት፣ ሳይሸተትና ሳይቀመስ የሚገዛ፣ ዋጋውም የአንድ መኖሪያ ቤት ዋጋ የሚያህል ጠርሙስ ቢቀርብላችሁ ምን ትሉ ነበር?

እንዲህ ያለው ግብይት በውጭው ዓለም የታወቀ ነው፤ ይኸውም የምርጥ ቀይ ወይን ጠጅ ግብይት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ኒውዮርክ ውስጥ በተካሄደ ጨረታ፣ በ1945 የተጠመቀ አንድ ጠርሙስ የሮማኔ ኮንቲ ወይን ጠጅ በ558,000 ዶላር ተሸጧል። በዚያ ዓመት ከዚያ እርሻ የተገኘው 600 ጠርሙስ ያህል ብቻ ነበር።

የወይን ጠጅ ዋጋ የሚወጣው በስሙ፣ ወይኑ በተለቀመበት ዓመትና በሚሰጠው ደረጃ ነው። የፈረንሳይ የቦርዶ ወይን ጠጆች በ1855 ለፓሪስ ኤግዚቢሽን በደረጃ ተመድበዋል። ከዚያም ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሮበርት ፓርከር የተባለው አሜሪካዊ ቀማሽ ወይን ጠጅን እንደ ተማሪ ፈተና ከ50 እስከ 100 ነጥብ እየሰጠ ያርም ጀመር። መቶ ከመቶ ያገኘው ጠርሙስ ዋጋው ይንራል። ሰብሳቢው ግን የገዛውን ቶሎ አይጠጣውም። ሙቀቱ ከ12 እስከ 13 ዲግሪ በሆነ ጨለማ ምድር ቤት ውስጥ፣ ቡሹ እንዳይደርቅና አየር እንዳይገባ አጋድሞ ለዓመታት ያስቀምጠዋል።

አታላይ የሚገባው በዚሁ ቀዳዳ ነው። የኢንዶኔዥያ ተወላጅ የሆነው ሩዲ ኩርኒያዋን በአሜሪካ ሰብሳቢዎች ዘንድ ምላሱ የተመሰገነ ወጣት ነበር። በ2006 ብቻ በሁለት ጨረታዎች ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ወይን ጠጅ ሸጧል። በ2008 ግን ሎራን ፖንሶ የተባለው ፈረንሳዊ ጠማቂ አንድ ጉድ አየ። ከ1945 እስከ 1971 ባሉት ዓመታት እንደተጠመቁ የተጻፈባቸው ጠርሙሶች በቤተሰቡ ስም ለጨረታ ቀርበዋል፤ ቤተሰቡ ግን ያንን ዓይነት ወይን ጠጅ ከ1980ዎቹ በፊት ፈጽሞ አልጠመቀም! ጠማቂው ሳይውል ሳያድር ኒውዮርክ ድረስ ሄዶ ጠርሙሶቹን ከጨረታው አስወጣ።

በመጋቢት 2012 ፖሊሶች ኩርኒያዋን ከእናቱ ጋር ይኖርበት የነበረውን የካሊፎርኒያ ቤት ሲፈትሹ የታተሙ ሐሰተኛ ወረቀቶች፣ ቡሾች፣ ማኅተሞችና የረከሰ ወይን ጠጅ አገኙ። «የጥንት» የተባለው ወይን ጠጅ የሚቀላቀለው እዚያው ቤት ነበር። ሰውየው በ2013 ጥፋተኛ ተባለ፤ በ2014 የአሥር ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በ2021ም ከአሜሪካ ተባረረ።

እነዚያ ሁሉ አዋቂዎች እንዴት ተታለሉ? የሰባ ዓመት ወይን ጠጅ ጣዕሙ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ነው። ከዚህም በላይ ብዙ ገንዘብ የከፈለ ሰው ተታለልሁ ብሎ ለመናገር ያፍራል። እፍረቱም ለአታላዩ ጋሻ ይሆንለታል።

ስለዚህ ብልህ ገዢ ከነጥቡ በፊት የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። ጠርሙሱ ከጠማቂው ቤት ከወጣ ወዲህ በማን እጅ ነበር? ደረሰኙስ የታለ? የተቀመጠው በምን ዓይነት ቦታ ነው? ወይን ጠጁ በጠርሙሱ አንገት ላይ ወርዷል ወይስ አልወረደም? ቡሹ ላይ የታተመው ዓመት ከወረቀቱ ጋር ይስማማል? ጠማቂውስ በዚያ ዓመት ያንን ወይን ጠጅ ጠምቋል? አጥጋቢ መልስ ከሌለ፣ መቶ ነጥብ ያገኘ ቢሆንም ጠርሙሱን ትቶ መሄድ ይሻላል። ነጥቡ የተሰጠው ለእውነተኛው ወይን ጠጅ ነው እንጂ ለወረቀቱ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ግን፣ እናቶች፣ ይህ ጉዳይ የቤተሰብ ጉዳይም ነው። ምድር ቤት ውስጥ ለሃያ ዓመት የተጋደመ ጠርሙስ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ ወዲያው ወደ ገንዘብ አይለወጥም። ዋጋው ይወጣል፤ ይወርዳልም። ሀብት የተረፈው ሰው ደስታውን ቢገዛበት የሚከለክለው የለም። ነገር ግን የቤተሰብ መጠባበቂያ ገንዘብ በሌላ ሰው ምላስና በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ መጣል የለበትም።

ቅቤ ስትገዙ የምትጠይቁት «ከየት የመጣ ነው?» የሚለው ጥያቄ ተራ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ባለሚሊዮኖቹ ይህንኑ ጥያቄ በጊዜው ሳይጠይቁ በመቅረታቸው ነው የከሰሩት። ስለዚህ ሻጭ ቢያኮርፍም፣ ጥያቄያችሁን አትተዉ።