ባሕር ዛፉ ቢወድቅ ቤታችን ይደርሳል?

የጎረቤታችን ባሕር ዛፍ ሊቆረጥ ነው በተባለበት ሰሞን እኛ ቤት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ወደ እኛ ቢወድቅ የልጆቹን መኝታ ክፍል ያገኘዋል ወይስ አያገኘውም? ቆራጮቹ ቀና ብለው አዩና «አይደርስም አባቴ፣ አያስቡ» አሉኝ። ከግንዱ እስከ መኝታ ክፍሉ ግድግዳ ለካሁ፤ 18 ሜትር። የዛፉን ቁመትስ ማን ወጥቶ ይለካዋል?

መልሱ የተገኘው አሥረኛ ክፍል ከምትማረው ልጄ ደብተር ነው። ትሪጎኖሜትሪ ሲባል ብዙ ወላጅ ፊቱን ያዞራል። ነገሩ ግን የሚነሳው ከቀላል እውነት ነው። አንዱ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ የሆነ ጎነ ሦስት ውሰዱ። ከቀሩት ማዕዘኖች አንዱን ካወቃችሁ፣ ጎነ ሦስቱ ደብተር ላይ የተሳለም ይሁን ዛፍ የሚያክል፣ የጎኖቹ ንጥጥር አይለወጥም። ከማዕዘኑ ፊት ለፊት ያለው ጎን ለረጅሙ ጎን ሲካፈል ሳይን፣ አጠገቡ ያለው ለረጅሙ ሲካፈል ኮሳይን፣ የፊት ለፊቱ ለአጠገቡ ሲካፈል ደግሞ ታንጀንት ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ማካፈል ነው። ሳይን የሚለው ስም ራሱ የትርጉም ስህተት ውጤት ነው፤ ከሕንድ ወደ ዐረብኛ የገባውን ቃል የላቲን ተርጓሚዎች «ጉያ» ብለው አንብበውት ነው።

ለእኛ ያስፈለገን ታንጀንት ነበር። ከፕሮትራክተሩ መሀል ነጥብ ላይ ክር አሰርን፤ ክሩ ጫፍ ላይ ብሎን አንጠለጠልን። ልጄ ግድግዳው ሥር ቆማ በፕሮትራክተሩ ቀጥ ያለ ጠርዝ የዛፉን ጫፍ አነጣጠረች። ክሩ 40 ላይ አረፈ። ከ90 ሲቀነስ 50 ዲግሪ፤ ቀና ያለችበት ማዕዘን ይህ ነው። የ50 ዲግሪ ታንጀንት 1.19 ገደማ ነው፤ በ18 ሲባዛ 21.4 ሜትር። ይህ ከዓይኗ በላይ ያለው ብቻ ነው። ግቢው ደልዳላ ስለሆነ ከመሬት እስከ ዓይኗ ያለውን 1.5 ሜትር ጨመርንበት፤ ዛፉ ወደ 23 ሜትር ሆነ። ወደ እኛ ከወደቀ ግድግዳውን አልፎ 5 ሜትር ይገባል ማለት ነው።

ቆራጮቹ መጀመሪያ ሳቁ። ወረቀቱን ሳሳያቸው ግን ከላይ ጀምሮ በቁራጭ በቁራጭ ለማውረድ ተስማሙ። ዋጋው ጨመረ፤ ጭማሪውን ከጎረቤታችን ጋር ተካፈልን። አልቆጨኝም።

ፕሮትራክተር የሌለው ሰው አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ወረቀት ከጥግ እስከ ጥግ ይጠፍ። እጥፋቱ 45 ዲግሪ ነው፤ የ45 ዲግሪ ታንጀንት ደግሞ 1። ደልዳላ መሬት ላይ፣ ግድግዳው ሥር ሆነው የወረቀቱን አንድ ጠርዝ አግድም አድርገው በእጥፋቱ ሲያዩ የዛፉ ጫፍ ከመስመሩ በላይ ከሆነ፣ ዛፉ ቤቱ ይደርሳል። ሂሳብ እንኳ አያስፈልግም።

ቁመት ለማወቅ ሲባል ግን ዛፉ ሥር ተጠግቶ መለካት አይበጅም። ማዕዘኑ ወደ 90 ሲቀርብ ታንጀንት በፍጥነት ይንራል። ከ18 ሜትር ርቀት የ1 ዲግሪ ስህተት ከ1 ሜትር ያነሰ ልዩነት ያመጣል፤ ከ5 ሜትር ርቀት ግን ይኸው ስህተት ለዚሁ ዛፍ ወደ 2 ሜትር ይጠጋል።

ኮሳይን ደግሞ መሰላል ላይ ይጠቅማል። መሰላል ከመሬት ጋር 75 ዲግሪ ገደማ ቢሠራ ይመረጣል፤ የ75 ኮሳይን 0.26 ነው። ስለዚህ የ4 ሜትር መሰላል እግር ከግድግዳው 1 ሜትር ገደማ ይራቅ። 2 ሜትር ከራቀ ማዕዘኑ ወደ 60 ይወርዳል፤ ያኔ እግሩ ሊንሸራተት ስለሚችል ከሥር የሚይዝ ሰው ቢኖርም አልወጣበትም።