ድምፅን በዓይን ማየት ይቻላል

ዛሬ ካቫ ስለሚባል ፕሮግራም ልንገራችሁ። ካቫ ሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ የሚጫወተውን ድምፅ ወደሚዘሉ ዘንጎች ይለውጠዋል።

አጫጫኑ ቀላል ነው። የክበባችን ኮምፒውተር ኡቡንቱ ነው። ኢንተርኔት ካገናኘን በኋላ ተርሚናል የሚባለውን መስኮት ከፈትኩና በእንግሊዝኛ ፊደል «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ካቫ» ብዬ ጻፍኩ። የይለፍ ቃል ሲጠይቃችሁ የምትጽፉት አይታይም፤ እኔማ ኪቦርዱ የተበላሸ መስሎኝ ነበር! ዝም ብላችሁ ጽፋችሁ ኢንተርን ተጫኑ። ተጭኖ ሲያልቅ «ካቫ» ብላችሁ ጻፉና ዘፈን ክፈቱ። መሀል ያሉት ዘንጎች እንደ ከበሮ ያለውን ወፍራም ድምፅ፣ ዳርና ዳር ያሉት ደግሞ ቀጭኑን ያሳያሉ። ዘንጎቹ ካጠሩባችሁ ወደ ላይ የሚያሳየውን ቀስት ተጫኑ። ለመውጣት ኪው የምትባለውን ፊደል መንካት ነው።

ምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ ባለፈው ሰኞ በሰልፍ ሰዓት ስፒከራችን ዝም አለ። የክበቡ ልጆች «አንተ ነህ ነካክተህ ኮምፒውተሩን ያበላሸኸው» አሉኝ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ካቫን ስከፍት ግን ዘንጎቹ ይዘላሉ! ዘፈኑ ኮምፒውተሩ ውስጥ በደንብ እየተጫወተ ነው ማለት ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ላይ ነው ብዬ የስፒከሩን ገመድ ቀየርኩት። ወዲያው ጮኸ። የወቀሱኝ ልጆችም ይቅርታ ጠየቁኝ።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ሳታጣሩ በሰው አትፍረዱ። ቸር እንሰንብት!