የሞተረኛው ሁለተኛ ዓይን ሲደበዝዝ

እ.ኤ.አ ጁን 8 ቀን 2018። በብሪታንያና በአየርላንድ መካከል ባለው ባህር ላይ በምትገኘው የማን ደሴት የዓመቱ ትልቁ የሞተር ሳይክል ውድድር፣ ሲኒየር ቲቲ፣ የመጨረሻው ዙር ላይ ደርሷል። ዲን ሃሪሰን በካዋሳኪ፣ ፒተር ሂክማን በቢኤምደብሊው ተናንቀዋል። ሁለቱም 364 ኪሎ ሜትር ገደማ ጋልበው ሲጨርሱ ሰዓቱ ከ1 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ትንሽ አለፍ ብሎ ነበር። አሸናፊው ሂክማን ሆነ። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት 2 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ሁለት ሰከንድ!

እንዲህ በሰከንድ በሚሸናነፉበት ውድድር ላይ፣ ሞተሩ ነዳጅ ሊቀዳ በቆመ ቁጥር አንድ ሰው እርጥብ ጨርቅ ይዞ ይሮጣል። ሥራው ሌላ አይደለም፤ የሞተሩን የንፋስ መከላከያ መወልወል ነው። ተመልካቹ የሚያየው ጎማ ቀያሪውንና ነዳጅ ቀጂውን ነው። ጨርቅ የያዘውን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ሞተረኛው ግን ያለ እሱ ሥራ ወደ መንገዱ መመለስ አይፈልግም።

ቲቲ እንደ ሌላው የሞተር ውድድር በተከለለ ሜዳ ላይ አይካሄድም። ውድድሩ በ1907 እ.ኤ.አ የተጀመረ ሲሆን፣ ተራራውን የሚያቋርጠው የአሁኑ መንገድ ከ1911 ጀምሮ ያገለግላል። የአንዱ ዙር ርዝመት 60.7 ኪሎ ሜትር ነው። በሌላው ጊዜ ሰው ገበያ የሚሄድበት፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚመላለስበት ተራ መንገድ ነው። ተወዳዳሪዎቹ በ10 ሰከንድ ልዩነት አንድ በአንድ ይለቀቃሉ፤ ስለዚህ የእያንዳንዱ ትግል ከሰዓቱ ጋር ነው። ዳርና ዳሩ ላይ የድንጋይ አጥር፣ የመብራት ምሰሶና የሰው ቤት አለ። በዚህ መንገድ ላይ ባለፉት ዓመታት ሕይወታቸውን ያጡ ተወዳዳሪዎች ከ260 በላይ ናቸው።

ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ፈጣኖቹ በሰዓት 320 ኪሎ ሜትር ድረስ ይጋልባሉ። ይህ በሰከንድ 89 ሜትር ማለት ነው። ዓይንህን ለሁለት ሰከንድ ብትጨፍን 178 ሜትር በጭፍን ሄደሃል። ሞተረኛው በዚህ ፍጥነት ቀና ብሎ አይቀመጥም። አገጩን ነዳጅ ታንኩ ላይ ደፍቶ፣ ራሱን ከንፋስ መከላከያው ጀርባ ደብቆ፣ መንገዱን በእሱ ውስጥ አሻግሮ ያያል። ወቅቱ ደግሞ የበጋቸው መግቢያ ነውና ነፍሳቱ መዓት ናቸው። ሁለት ዙር ሳይሞላ መስታወቱ በነፍሳት ደምና ክንፍ ይዥጎረጎራል። የልምምዱ ሰዓት ብዙውን ጊዜ ወደ ማምሻው ስለሆነ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ትመጣለች። የተጫረና የቆሸሸ መስታወት ያን ብርሃን ይበትነዋል፤ መንገዱ ከነመታጠፊያው ነጭ ጭጋግ ይሆናል።

የጨርቁ ሰውዬ ሰዓት አያባክንም ወይ? አያባክንም። በቲቲ ነዳጁ የሚቀዳው ከፍ ብሎ ከተሰቀለ በርሜል በራሱ ክብደት እየወረደ ነው፤ በግፊት አይደለም። ታንኩ እስኪሞላ ሞተሩ መቆሙ አይቀርም። በዚያች ጊዜ ውስጥ ጎማውም፣ የሄልሜቱ መስታወትም፣ ውልወላውም ያልቃል።

መስታወት ያልሆነው መስታወት

ሁላችንም «መስታወት» እንበለው እንጂ የሞተር ሳይክል ንፋስ መከላከያ ከብርጭቆ የተሠራ አይደለም። ፕላስቲክ ነው። ዋነኞቹ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው አክሪሊክ ሲሆን፣ የጀርመኑ ኬሚስት ኦቶ ሮም በ1933 «ፕሌክሲግላስ» ብሎ ለገበያ ያቀረበው ነው። ሁለተኛው ፖሊካርቦኔት ነው። እሱን በ1953 የጀርመኑ ባየርና የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ተመራማሪዎች ለየብቻቸው ደረሱበት።

ጠባያቸው ለየቅል ነው። አክሪሊክ ቶሎ አይጫርም፣ ቢጫርም ተወልውሎ ይድናል፤ ነገር ግን ጠንከር ያለ ምት ሲያገኘው ይሰነጠቃል። ፖሊካርቦኔት በተቃራኒው ድንጋይ ቢመታውም በቀላሉ አይሰበርም። ገላው ግን ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይጫራል፣ ፀሐይም ያቢጨዋል። ለዚህ ነው ፋብሪካዎች ላዩን በስስ ጠንካራ ሽፋን የሚቀቡት። ያ ሽፋን እስካለ ድረስ ዕቃው ደህና ነው። ሽፋኑ መላላጥ ሲጀምር ግን ነገር ተበላሸ።

ለመሆኑ ምን ያደበዝዘዋል? አንደኛው ጠላት አቧራ ነው፤ ይልቁንም አቧራውን የሚጠርገው ደረቅ ጨርቅ። አቧራ ደቃቅ ድንጋይ ነው። በደረቁ ሲታሽ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ሁለተኛው ፀሐይ ነው። እዚህ ላይ የእኛ አገር ሞተረኛ ልብ ማለት አለበት። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከፍታ ሲጨምር ደግሞ ፕላስቲክ የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር ይበረታል። ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ የሚቆም ሞተር መከላከያው ቶሎ ቢያረጅ አይገርምም። ሦስተኛው ኬሚካል ነው። ቤንዚን፣ የፍሬን ዘይትና አሞኒያ ያለበት የቤት መስታወት ማጽጃ ፕላስቲኩን ውስጥ ለውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጥቁታል። የፍሬን ዘይቱ ዕቃ መሪው ላይ፣ ከመከላከያው አጠገብ መሆኑን ደግሞ መርሳት አይገባም።

የሚድንና የማይድን

ገንዘብ ከማውጣት በፊት አንድ ቀላል ፈተና አለ። የደበዘዘውን ቦታ በውኃ ማራስ ነው። ሲርስ ጠርቶ ሲደርቅ ከደበዘዘ ጉዳቱ ላዩ ላይ ነው፣ ተስፋ አለው። ርሶም እንደ ደመና ከቀረ ግን ጉዳቱ ውስጡ ገብቷል፤ መወልወል ድካም ብቻ ነው። ሌላው ፈተና ጥፍር ነው። ጭረቱ ጥፍርን ከያዘ በፖሊሽ ብቻ አይወጣም።

ላዩ ብቻ የደበዘዘ አክሪሊክ በመጀመሪያ በብዙ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል። ከዚያ ለፕላስቲክ የተሠራ ፖሊሽ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ እየተቀባ ይወለወላል። ጭረቱ ጠለቅ ካለ ብርጭቆ ወረቀት ያስፈልጋል፤ በ1000 ቁጥር ተጀምሮ፣ በ1500፣ በ2000፣ በስተመጨረሻም በ3000 ይታሻል። ውኃው ሊቋረጥ አይገባም። ወረቀቱ በተቀየረ ቁጥር የማሻው አቅጣጫም ይቀየራል፤ የበፊቱ መስመር መጥፋቱ የሚታወቀው በዚህ ነው። በማሽን የሚወለውል ፍጥነቱን ይቀንስ፤ ሙቀት ፕላስቲክ ያቀልጣል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ጭረቷ ያለችበትን ቦታ ብቻ ፈቅፍቀው ሲተዉ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ይፈጠራል። ጎድጓዳው እንደ መነጽር ሆኖ መንገዱን ያጣምማል። መስታወቱ ያበራል፣ ያምራል፣ የሚያሳየው ግን ውሸት ነው። ስለዚህ ሰፋ አድርጎ፣ እኩል ማሸት ግድ ነው። በጥርስ ሳሙና የሚሞክሩም አሉ። ለቀላል ጭረት ትንሽ ይረዳል፤ ከዚያ አያልፍም።

ሽፋን ያለው ፖሊካርቦኔት ግን በብርጭቆ ወረቀት አይነካም። ፋቂው ጭረቱን አጠፋሁ ሲል የሚያጠፋው ከፀሐይ የሚከላከለውን ሽፋን ነው። ከወራት በኋላ ብጫው ይመጣል። የትኛው ዓይነት እንደሆነ ያልታወቀ ከሆነ የሞተሩን ማንዋል ማየት ወይም የሚያውቅ ባለጋራዥ መጠየቅ ይሻላል።

ውስጡ የተሰነጣጠቀ፣ የቢጫ፣ ወይም ብሎኑ ዙሪያ የተተረተረ መከላከያ መቀየር አለበት። ዋጋው ቀልድ አይደለም፤ ቢሆንም ዋጋው ከዓይን አይበልጥም። ሲገጠም ብሎኑ እስኪጮህ አይጠብቅም። ከሥሩ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ራንዴላ ይገባል፤ ፕላስቲክ በሙቀት ስለሚለጠጥ መላወሻ ይፈልጋል። ብዙው ስንጥቅ የሚጀምረው ከመጠን በላይ ከተጠበቀ ብሎን ነው። ከፍታውም ወሳኝ ነው። በከተማና በአገር አቋራጭ መንገድ ለሚነዳ ሰው የመከላከያው ጫፍ አፍንጫ አካባቢ ቢያልቅ ይመረጣል፤ ዓይን ከላይ አሻግሮ ያያል፣ ንፋሱም ከራስ በላይ ያልፋል። እንዲህ ሲሆን አንድ ቀን ዝናብ ወይም ጭቃ መስታወቱን ቢሸፍነው እንኳ መንገዱ አይጠፋም።

የቲቲው ሰውዬ ያወቀው ነገር ይኸው ነው። የነፍሳቱ ደም ሳይደርቅ፣ በእርጥብ ጨርቅ፣ በቀስታ። ለተራው ሞተረኛም ዘዴው ያው ነው። የደረቀ ቆሻሻ ላይ በውኃ የተነከረ ጨርቅ 10 ደቂቃ ያህል አልብሶ መተው፣ ከዚያ ሳይጫኑ ማንሳት። ይህን የለመደ ሰው ብርጭቆ ወረቀትም፣ አዲስ መስታወትም ለዓመታት ላያስፈልገው ይችላል። አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ማለታቸው ለሞተር ሳይክል ባይሆንም፣ ለሞተረኛው የሚሆን ምክር ግን አለው።