ሻይ ያለ ምድጃ፦ ከፀሐይ ሻይ ጋር ትውውቅ

በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የበጋው ሙቀት ሲበረታ ምድጃ መለኮስ የጋለውን ቤት ይበልጥ ማጋል ነው። ስለዚህ ብዙ የቤት እመቤቶች ትልቅ የመስታወት ጃር በውኃ ይሞሉና የሻይ ከረጢቶች ይጨምሩበታል፤ ከዚያም ክዳኑን ገጥመው በረንዳ ላይ ፀሐይ በሚመታው ቦታ ያስቀምጡታል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ውኃው ወርቃማ ቡናማ ይሆናል፤ በረዶ ይጨመርበትና ይጠጣል። የፀሐይ ሻይ የሚሉት ይህንን ነው። ዛሬ ደግሞ በሻይ ቅጠል ፋንታ ጥሩ መዓዛ ያላቸውን ዕፅዋት እየተጠቀሙ፣ ለራሳቸው የሚሰጡት የዕረፍት ሰዓት አድርገው የያዙት ብዙዎች ናቸው።

አሜሪካውያን ሻይን በበረዶ መጠጣት የጀመሩት ከፀሐይ ሻይ ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 የወጣው የማሪዮን ካቤል ታይሪ የቨርጂኒያ የቤት አያያዝ መጽሐፍ የበረዶ ሻይ አሠራርን ይዟል። በ1904 በሴንት ሉዊስ የተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ደግሞ መጠጡን ለብዙ ሕዝብ አስተዋወቀ። በፀሐይ የማውጣቱ ልማድ በስፋት የታወቀው በ1970ዎቹ ነው፤ በጊዜው አንድ ጋሎን፣ ማለትም 3.8 ሊትር ያህል የሚይዙና ከሥራቸው ትንሽ ቧንቧ ያላቸው ጃሮች ለዚሁ ተብለው ይሸጡ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ይምሰል እንጂ በውስጡ ብዙ ነገር ይከናወናል። የፀሐይ ብርሃን መስታወቱን አልፎ ሲገባ ውኃውና ቅጠሉ ይቀበሉትና ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይሁን እንጂ ፀሐይ ውኃውን አታፈላውም። ደህና በሚባል የፀሐይ ቀን እንኳ ውኃው የሚደርሰው 54 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ውኃ ከባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ስናስብ ልዩነቱ ግልጽ ነው።

የጣዕሙ ምሥጢር ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። ለሻይ ምሬትና አፍ የመያዝ ባሕርይ የሚሰጠው ታኒን በሙቅ ውኃ ቶሎ ይለቃል፣ ለብ ባለ ውኃ ግን ቀስ ይላል። በዚህ ምክንያት የፀሐይ ሻይ ለስላሳ ነው፤ ስኳር ባይገባበትም አይከብድም። የዕፅዋት መዓዛ የሚመጣው ደግሞ በቀላሉ ከሚተንኑ ዘይቶች ነው። ክፍት ድስት ውስጥ ሲፈላ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳሉ፣ ኩሽናው ይታወድና ጽዋው ይጎድልበታል። ክዳኑ በተገጠመ ጃር ውስጥ ግን አብዛኛው መዓዛ እዚያው ይቀራል።

ለዚህ መጠጥ የሚስማሙ ዕፅዋት ለእኛ እንግዳ አይደሉም። ጦስኝ፣ ናና፣ በሶብላ፣ ጠጅ ሳርና ከርከዴ ሁሉም ይሆናሉ። ጦስኝ በመንዝ፣ በሰሜንና በባሌ ደጋዎች የሚበቅል የአገራችን ተክል ነው፤ ለመዓዛው ዋናዎቹ ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ናቸው። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ ደረቅ ጦስኝ ይዘው በአሜሪካ በጋ የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ የአገሩን ልማድ ከአገራቸው ቅጠል ጋር ማገናኘት ይችላሉ። ከርከዴ ቀለሙንና ኮምጣጣ ጣዕሙን በቀዝቃዛ ውኃም በደንብ ይሰጣል፤ ከርከዴ ግፊት ሊቀንስ ስለሚችል ግን የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ። ጤና አዳምን ለዚህ መጠጥ አልመክርም። ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው፤ ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲመታውም ሊቃጠልና ውኃ ሊቋጥር ይችላል።

አሁን መታወቅ ወዳለበት ትልቅ ጉዳይ እንምጣ። 54 ዲግሪ ጣዕም ለማውጣት ይበቃል፤ በቅጠሉና በውኃው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎችን ለመግደል ግን አይበቃም። ውኃው ወደዚያ እስኪደርስና ከዚያ እስኪበርድ ለብ ብሎ የሚቆይባቸው ሰዓታት ደግሞ ለባክቴሪያ መራቢያ ምቹ ናቸው። ደረቅ ቅጠል ከአፈር ከነአቧራው የመጣ ነው፤ መድረቁ ንጹሕ አያደርገውም። የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ሻይ በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሆነ ውኃ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ እንዲዘፈዘፍ የሚመክሩት በዚህ ምክንያት ነው። በፀሐይ የወጣ ሻይ ወፍሮ እንደ ተልባ ከተሳበ፣ ባክቴሪያ ገብቶበታልና ሳይቀመስ ይደፋ። መልኩ ያልተለወጠውም ቢሆን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ታዲያ ልማዱ ይተው? እኔ አይተው እላለሁ፤ አሠራሩ ግን ይስተካከል። ለአንድ ሊትር ውኃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ወይም አንድ እፍኝ ትኩስ ቅጠል ይበቃል። ትኩሱ በደንብ ይታጠብ። ጃሩ በሳሙናና በፈላ ውኃ ይታጠብ፤ ጥጉን ማጽዳት ስለሚያስቸግር ቧንቧ ያለው አይመረጥ። ቅጠሉ ላይ የፈላ ውኃ ይፈስበት፣ ክዳኑ ይገጠም፣ 5 ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ በማጥለያ ይጠለልና እንደበረደ ፍሪጅ ይግባ። ጣዕሙን ያለ እሳት የሚፈልግ ደግሞ ቅጠሉን በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፎ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ያሳድረው፤ እንደ ፀሐይ ሻይ ለስላሳ ይሆናል፣ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ የሚፈጠረውም አደጋ ይቀንሳል። ፀሐይ ላይ ካልተቀመጠ ደስ የማይለው ሰው ከ3 እስከ 4 ሰዓት ሳያሳልፍ ያንሳው፣ ወዲያው ያቀዝቅዘው፣ በዚያው ቀን ጠጥቶ ይጨርሰው። ስኳርና ማር የሚጨመረው ሲጠጣ እንጂ ሲዘፈዘፍ አይደለም። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአረጋውያንና የበሽታ መከላከል አቅማቸው ለደከመ ሰዎች ግን በፈላ ውኃ የተሠራው ብቻ ይቅረብ።

እነዚህ ጥንቃቄዎች የሻዩን ትርጉም አይቀንሱበትም። ሰዎች ይህን መጠጥ የወደዱት በዋናነት ጊዜ ስለሚወስድ ነው። ቅጠሉን መምረጥ፣ ማጠብ፣ ቀለሙ ቀስ እያለ ሲለወጥ ማየት፣ ከዚያም ተቀምጦ መጠጣት አለ። ቡና በእኛ ቤት ጎረቤት የምንሰበስብበት ሥርዓት ነው፤ ይህ ደግሞ ሰው ከራሱ ጋር የሚቀመጥበት ሰዓት ነው። በተለይ ቀኑን ሙሉ ለሌላው ሲያፈሱና ሲያቀርቡ ለሚውሉ እናቶችና እኅቶች፣ ለራስ ብቻ የተዘጋጀ አንድ ብርጭቆ ቅንጦት አይደለም። የዛሉ እጆች ዕረፍት ይገባቸዋል። ሻዩ ወተት የማይገባበት በመሆኑም ለጾም ይሆናል።

ሻዩ በሽታ አይፈውስም፤ የሕክምና ቦታም አይተካም። የሚሰጠው ጥሩ መዓዛ ያለው መጠጥና ጥቂት የተረጋጋ ጊዜ ነው፤ ለደከመ ሰው ይህም ትንሽ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ንጹሕ ጃር ያዘጋጁ፣ የሚወዱትን ቅጠል በንጽሕና ዘፍዝፈው ፍሪጅ ያሳድሩት። በማግስቱ ስልክዎን አስቀምጠው ብርጭቆዎን ይዘው ደጅ ይውጡ። ፀሐይዋን ለራስዎ ይሙቁ እንጂ ለሻዩ አያስፈልግዎትም።