ቃሉ ከሩቅ፥ ድንጋዩ ከደጃፍ

እንግሊዝኛ የሚማር ሰው ሁሉ አንድ ደብተር አለው። በደብተሩ ግራ በኩል ከባድ ከባድ ቃላት ተደርድረዋል፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ትርጕማቸው ተጽፏል። ተማሪው ይህን ደብተር ይዞ በአጥር ጥግ እየተመላለሰ ያነበንባል፤ ፈተናው ባለፈ በሳምንቱ ግን ቃላቱ እንደ ጧት ጉም በነው ይጠፋሉ። በመሥሪያ ቤት ያለውም ወጣት ከዚህ ችግር አላመለጠም፤ የመሐንዲሶች ሪፖርት ወይም የመሬት ጥናት ጽሑፍ በእጁ ሲገባ እንግዳውን ቃል በዓይኑ ዘልሎ ማለፍ ልማዱ ነው። በእኔ አስተያየት የዚህ ሁሉ ምክንያት የማስታወስ ኃይል ማነስ አይደለም፤ ቃሉን ያለ ሥሩ ስለምንሸመድደው ነው።

ስለዚህ በአዳማ፥ በሞጆ፥ በወንጂ፥ በመተሐራና በባቱ ለሚኖሩ፥ ወይም በዚያ በኩል ለሥራ ለሚመላለሱ አንባቢዎች ጥቂት እንግዳ የእንግሊዝኛ ቃላትን አቀርባለሁ። የመረጥኳቸው ለማስደነቅ አይደለም። አብዛኞቹ በእነዚህ ከተሞች ዳር ተኝቶ የሚገኝ፥ በጫማችን የምንረግጠው ነገር ስም ስለ ሆኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ኦብሲዲያን ነው። የዚህን ቃል ትርጕም በክፍል ውስጥ ስጠይቅ የማገኘው መልስ ልዩ ልዩ ነው። አንዱ፥ የጥንት የሜክሲኮ ሰዎች ለጦር መሣሪያቸው ስለት ያደርጉት የነበረ ድንጋይ ነው ይላል፤ እውነቱን ነው። ሌላው በስልኩ ከሚጫወተው ጨዋታ ያውቀዋል፤ እርሱም አልተሳሳተም። «ባልጩት ነው» ብሎ የሚመልስ ግን እምብዛም አይገኝም። ከአዳማ በስተ ምሥራቅ ባለው በቦሰት ተራራ ጎን ላይ ይኸው ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ እንደ ቀዘቀዘ ተዘርግቶ ይገኛል፤ በባቱ አጠገብ ባለው በአሉቶም እንዲሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ተማሪው እንግሊዝኛውን አለማወቁ አይደለም፤ እርሱንስ ነገ ይማረዋል። የሚያሳስበኝ አያቱ የሚያውቁት ባልጩት የሚለው ቃል ከአፉ እየጠፋ መሄዱ ነው። ባልጩትን የማያውቅ ልጅ ኦብሲዲያንን በምን ላይ ያስቀምጠዋል?

ኦብሲዲያን ተፈጥሮ የሠራችው ጠርሙስ ነው ማለት ይቻላል። ሲሊካ የበዛበት የቀለጠ ድንጋይ ከምድር ሆድ ወጥቶ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ፥ በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ተደራጅቶ የክሪስታል መልክ ለመያዝ ጊዜ ያጣል፤ ስለዚህም እንደ መስተዋት አንድ ወጥ ሆኖ ይረጋል። የሚሰበርበት አኳኋንም ልዩ ነው። ሲመቱት ስብራቱ ጎድጎድ ብሎ ክብ ክብ መስመር እያወጣ እንደ ዛጎል ሆድ ይመስላል፤ የጠርዙም ስለት ከብረት ምላጭ ይቀጥናል። ሊቃውንቱ ይህን ዓይነት ስብራት ኮንኮይዳል ይሉታል፤ ዛጎል ማለት ከሆነው ከግሪኩ ኮንኬ የተወሰደ ቃል ነው። እነሆ፥ አንዱን ስንፈልግ ሁለተኛ ቃል አገኘን።

አሁን ወደ ስሙ አመጣጥ እንለፍ። በ79 ዓ.ም. የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ የሞተው ሮማዊው ጸሓፊ ፕሊኒ፥ ስለ ተፈጥሮ በጻፈው ታላቅ መጽሐፍ ውስጥ ኦብሲዩስ የሚባል ሰው በኢትዮጵያ ያገኘውን ጥቁር ድንጋይ ያነሣል። ድንጋዩም በሰውዬው ስም ተጠርቶ በላቲን «ኦብሲያኑስ» ተባለ። ሰዎች እንደ መስተዋት በግድግዳ ላይ ያኖሩት እንደ ነበረ፥ ነገር ግን መልክን በመመለስ ፈንታ ጥላን ብቻ ያሳይ እንደ ነበረ ፕሊኒ ይነግረናል። ንጉሠ ነገሥቱ አውግስጦስም ከዚሁ ድንጋይ የተሠሩ አራት ዝሆኖችን በኮንኮርድያ ቤተ መቅደስ ውስጥ እንደ ብርቅ ነገር አኑሮ ነበር።

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ «በላቲኑ ውስጥ ዲ የለም፤ እንግሊዝኛው ከየት አመጣው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የፕሊኒ መጽሐፍ በማተሚያ መኪና መታተም በጀመረ ጊዜ፥ በጥንቶቹ እትሞች ላይ ኦብሲያኑስ መባል የሚገባው ኦብሲዲያኑስ ተብሎ በስሕተት ተጻፈ። አራሚም ሳያገኝ ወደ እንግሊዝኛ ተሻገረ። እንግዲህ በዓለም ላይ ያለ የሥነ ምድር ሊቅ ሁሉ ይህን የፊደል ስሕተት በታላቅ አክብሮት እየጻፈ ይኖራል። በጽሕፈት ሥራ ላይ ያሉ ጓደኞቼ ይህን ታሪክ ለአለቆቻቸው ቢያስረዱ አልቃወምም።

ይሁንና ኦብሲዩስ አዳማ ድረስ መጣ ብለን እንዳንኩራራ። በዚያ ዘመን ግሪኮችና ሮማውያን ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ነበር። በአንደኛው መቶ ዓመት ስለ ቀይ ባሕር ነጋዴዎች ጕዞ የተጻፈ አንድ የግሪክ መጽሐፍ ደግሞ፥ ይህ ድንጋይ ከአዱሊስ ወደብ ወዲያ ባለ ጥልቅ የባሕር ሰላጤ እንደሚገኝ ይናገራል። ይህም የዛሬው የኤርትራ ጠረፍ ስለ ሆነ፥ ኦብሲዩስ ድንጋዩን ያነሣው በዚያ በኩል ሳይሆን አይቀርም።

ስሙ ከባሕር ጠረፍ ቢመጣም ሥራው በእኛ አገር እጅግ የቆየ ነው። በባቱ አጠገብ በጋዴሞታ የተገኙት የባልጩት መሣሪያዎች ከ270,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። ይኸው በወንጂ በኩል የሚያልፈው አዋሽ ከላይ ሲነሣ በሚያቋርጠው በመልካ ቁንጡሬ ደግሞ፥ የጥንት ፍጥረቶች ባልጩት እየጠረቡ የእጅ መጥረቢያ ይሠሩ የነበረው ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። በዚያው አቅራቢያ ድንጋዩ በብዛት የሚገኝበት ሥፍራ ስሙ ራሱ ባልጭት ነው፤ ያው ባልጩት ማለት ነው። በ2024 ዩኔስኮ ሥፍራውን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ «መልካ ቁንጡሬና ባልጭት» ብሎ ነው የጻፈው። ተማሪያችን የዘነጋውን ቃል የዓለም መዝገብ ይዞታል።

ጥበቡም ቢሆን ከጥንቱ ሰው ጋር አልተቀበረም። በጉራጌ፥ በሲዳማና በሌሎችም የደቡብ አገሮች፥ በእንጨት እጀታ ላይ የተጣበቀ የባልጩት መፋቂያ ይዘው ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች እስከ እኛ ዘመን ድረስ ታይተዋል። ጎረቤቶቻቸው «ፋቂ» እያሉ ሲንቋቸው፥ ከባሕር ማዶ የመጡ የጥንት ታሪክ ተመራማሪዎች ግን አጠገባቸው ተቀምጠው የድንጋዩን አያያዝና አሳሳል ተምረዋል፤ መጻሕፍትም ጽፈዋል። እንግዲህ ኦብሲዲያን በሚለው ቃል ላይ ፈተና የሚያወጣ ሰው ቢኖር፥ ከሁሉ በፊት መልሱን የሚያውቁት እነዚህ የተናቁ ሰዎች ናቸው።

ሌላው ቃል ኢግኒምብራይት ይባላል። ምላስ የሚያስር መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ከሁለት ቢሰብሩት ይላላል። በላቲን ኢግኒስ እሳት ነው፥ ኢምበር ደግሞ ዶፍ ዝናብ ነው። የእሳት ዶፍ! ቃሉን በ1930ዎቹ ዓመታት የፈጠረው ፓትሪክ ማርሻል የተባለ የኒው ዚላንድ ሊቅ ነው። እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ የጋለ አመድ፥ የድንጋይ ስባሪና ጋዝ ተቀላቅለው እንደ ደመና ምድር ለምድር እየተንከባለሉ ይወርዳሉ፤ ሲያርፉም ከሙቀታቸው ብዛት የተነሣ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ድንጋይ ይሆናሉ። የአዳማ አገር በዚህ ድንጋይ የበለጸገ ስለ ሆነ፥ የሥነ ምድር ሊቃውንት በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ያለውን አንዱን የድንጋይ ንብብር «ናዝሬት ግሩፕ» ብለው ሰይመውታል። ከተማይቱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በገሊላዋ ናዝሬት ስም ተሰይማ ከኖረች በኋላ፥ በ2000 በይፋ ወደ ቀድሞ ስሟ ወደ አዳማ ተመልሳለች፤ ይህም ስም ቁልቋል ማለት ከሆነው ከኦሮምኛው «አዳሚ» የመጣ ነው ይባላል። የከተማይቱ ስም ቢለወጥም በድንጋዩ ላይ የወጣው ስም በሊቃውንቱ ጽሑፍ ውስጥ እንዳለ ቀርቷል። ወንጂም እንዲሁ ዕድል አጋጥሟታል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ፖል ሞር በ1960ዎቹ፥ በሸለቆው ወለል ላይ የሚገኘውን የአዳዲስ ስንጥቆች መሥመር በወንጂ ስም ጠርቶታልና፥ ዛሬ በየትም አገር ስለ አፍሪካ ምድር የሚማር ሰው ወንጂን ሳይጠራ አያልፍም።

ብሎኬት ሲመረት ያየ ሰው ፐሚስ የሚባለውን ነጣ ያለ፥ ቀዳዳ የበዛበት፥ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ድንጋይ ያውቀዋል። የላቲኑ ፑሜክስ አረፋ ከሚለው ቃል ጋር ዘመድ ነው፤ ድንጋዩም በእርግጥ የረጋ አረፋ ነው። ከዚሁ ሥር የወጣ ፓውንስ የሚባል ሌላ ቃል ደግሞ አለ፤ በድሮ ጊዜ የአውሮፓ ጸሓፊዎች ቀለሙ እንዳይፈስ በብራናና በወረቀት ላይ የሚነሰንሱት ደቃቅ ዱቄት ነበር። የእኛም ብራና ፋቂዎች ቆዳውን በዚሁ ሻካራ ድንጋይ ያለሰልሱታል። ቀዩን ድንጋይ ግንበኞች ሬድ አሽ ይሉታል፤ በመጽሐፍ ስሙ ስኮሪያ ነው። የዚህን ቃል የግሪክ ሥር በጨዋ አነጋገር ለመግለጽ ዓይነ ምድር ማለት ነው ብዬ ባልፈው ይሻላል። ከብረት ማቅለጫ የሚወጣውን ዝቃጭ በዚህ ስም ሰደቡት፤ ከዚያም ስድቡ ወደ ድንጋዩ ተላለፈ።

ስለ ሸለቆው ራሱ ጥቂት ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ በዚህ ላይ የቋንቋዎች ጠባይ በግልጥ ይታያልና። ጆን ዋልተር ግሪጎሪ የተባለው እንግሊዛዊ በ1893 ወደ ኬንያ ሄዶ አጥንቶ በ1896 ባሳተመው መጽሐፍ «ታላቁ ሪፍት ሸለቆ» የሚለውን ስም አስለመደ። ሪፍት ከሰሜን አውሮፓ ቋንቋዎች የመጣ ሲሆን መሰንጠቅ፥ መቀደድ ማለት ነው። ጀርመኖች ደግሞ ግራበን ይሉታል፤ ቦይ ወይም ጕድጓድ እንደ ማለት ነው፥ መቃብር ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከግሬቭ ጋርም የአንድ አያት ልጆች ናቸው። እኛስ? ስምጥ ሸለቆ አልን፤ ከሰመጠ። እንግሊዙ የተቀደደ አለ፥ ጀርመኑ የተቈፈረ አለ፥ አማርኛ የሰመጠ አለ። የትኛው ትክክል ነው ቢሉኝ፥ የምድር ቅርፊት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲሳብ መካከሉ ተሰንጥቆ ወደ ታች ስለሚወርድ፥ እንግሊዝኛው ምክንያቱን፥ አማርኛው ውጤቱን ተናግሯል እላለሁ። የጀርመኑ ግን ቈፋሪ የሌለው ጕድጓድ ሆኖ ይታየኛል።

እነዚህን ሁሉ ለማግኘት ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አያስፈልግም። ደኅና መዝገበ ቃላት ከትርጕሙ በፊት ወይም በኋላ በቅንፍ ውስጥ ጥቂት መሥመር አለው፤ ብዙ ተማሪ የማያነበው እርሱን ነው። እርሱ ግን የቃሉ የትውልድ ወረቀት ነው።

በመጨረሻ ወደ ወንጂ ልውሰድዎ። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1954 በዚያ ስኳር ማምረት ከጀመረ ወዲህ፥ ከፋብሪካው ጋር አብረው ብዙ ቃላት ገቡ። ለከብት መኖ የሚሆነው ጥቁሩ ሞላሰስ ከፖርቱጋሎች የመጣ ቃል ሲሆን ሥሩ በላቲን ማር ማለት ነው። ከተጨመቀ በኋላ በእሳት ማንደጃው የሚማገደው የአገዳ ገለባ ባጋስ ይባላል፥ እርሱም የስፔን ቃል ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ማንም ሰው እንግዳ ነው ብሎ የማይጠረጥረው ስኳር የሚለው ራሱ ነው። የእንግሊዙ ሹገር፥ የዐረቡ ሱከርና የፋርሱ ሸከር ከእኛው ስኳር ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ የሁሉም አያት ደግሞ የጥንቱ የሕንድ ቋንቋ የሳንስክሪት ሻርካራ ነው። ሻርካራ አስቀድሞ ትርጕሙ ጠጠር ነበር። ሕንዶች የአገዳውን ጭማቂ አፍልተው አድርቀው ቢያዩት ጠጠር መሰላቸውና በዚያው ስም ጠሩት። ስለዚህ ነገ ጧት ሻይዎን ሲያማስሉ ከማንኪያው ላይ ያለው ነገር በስሙ ጠጠር መሆኑን አይርሱ።