ብርድ ልብሱን ማን ነገራቸው?

የደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭ አጥንት ድረስ ይገባል። አንድ ማታ ስልኬን ይዤ የከተማዋን የሱፍ ብርድ ልብስ ዋጋ በአንድ የኢንተርኔት ሱቅ ፈለግሁ። በማግስቱ ዜና ላነብ ስገባ በጽሑፉ መሐል የብርድ ልብስ ማስታወቂያ፤ የእግር ኳስ ውጤት ላይ ስገባም ያው ብርድ ልብስ።

ገጽ ስንከፍት ስልካችን የሚያነጋግረው የገጹን ባለቤት ብቻ አይደለም። ገጹ ላይ የተተከለ የማስታወቂያ ድርጅት ኮድ ስልኩን ወደ ራሱ ሰርቨር ይጠራውና ኩኪ የሚባል መለያ ያስቀምጥበታል። ያው ድርጅት ሱቁም ዜናውም ጋ ኮድ ካለው፣ ትናንት ብርድ ልብስ ያየው ሰው እኔ መሆኔን ያውቃል። ኩኪን እ.ኤ.አ. በ1994 የኔትስኬፑ ሉ ሞንቱሊ ሲፈጥረው የታሰበው ገዢ የመረጠውን ዕቃ ገጹ እንዳይረሳ ነበር።

ነገሩ የድሮውን የንግድ ኬላ ያስታውሰኛል። ከአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሐረርና ከታጁራ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ገበያ ነበረች። ቀረጥ የከፈለ ነጋዴ ማን እንዳስከፈለው ያውቅ ነበር። የእኛን ኬላ ግን አናየውም፤ ቀረጡም ከገዛነው የኢንተርኔት ጥቅል ላይ ይቆረጣል፤ የመከታተያው ኮድም የሚወርደው በእኛው ሜጋ ባይት ነውና። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መብታችን በሕግ መስፈሩ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ ማታ ኮዱን የሚያስቆመው ግን ብራውዘራችን ነው። ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የታወቁ መከታተያዎችን ኩኪ ሳይጠየቅ ያግዳል፤ ሳፋሪ እ.ኤ.አ. በ2020 የሦስተኛ ወገን ኩኪን ጨርሶ ዘጋ። ጎግል ግን ከክሮም አስወግዳለሁ ብሎ ሲያራዝም ከርሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ዕቅዱን ተወው።

የወንድሜ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። «ጋሼ፣ ጥቅሌ ሳላነብበት ያልቃል» አለችኝ። የአንድሮይድ ክሮም ተጨማሪ ፕሮግራም አይቀበልምና ፋየርፎክስ ጫንን፤ ዩብሎክ ኦሪጅንንም ጨመርንበት። ይህ ነፃ ፕሮግራም በጎ ፈቃደኞች የሚያድሷቸውን የመከታተያ አድራሻዎች ዝርዝር ይዞ፣ ገጹ ወደ እነሱ ሲጣራ መንገዱን ይዘጋል። ያንኑ የዜና ገጽ ከፈትን። የታገዱት ጥሪዎች ቁጥር አንድ አንቀጽ ሳናነብ መውጣት ጀመረ። ጣቷን ቁጥሩ ላይ አድርጋ ዝም አለች።

ሁሉም አልተዘጋም። ኩኪ ሲከለከል በስክሪን መጠን፣ በፊደላት ዓይነትና በመሣሪያው ጠባይ ሰውን የሚለዩ አሉ። የዜና ገጾቻችንም ከማስታወቂያ እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ ግን ብርድ ልብስ ለመሸጥ አንባቢን ቤቱ ድረስ መከተል አያስፈልግም፤ ማስታወቂያውን ስለ ብርድ የሚያወራ ጽሑፍ አጠገብ ማድረግ ይበቃል።

«ፌስቡክስ ላይ ይሠራል?» አለችኝ። መተግበሪያው ላይ አይሠራም፤ በብራውዘር ከከፈትሽው ብቻ ነው አልኳት። መተግበሪያውን አጠፋችና የይለፍ ቃሏን ለማስታወስ ደብተሯን ማገላበጥ ያዘች።